ያዝልኝ፤ አሁን መጣሁ

ማርቫ ቴግላንድ በዚያ የመጋቢት ማክሰኞ ሦስተኛውን ሰው አስተኝታ፣ ቀስቅሳና ሸኝታ ስትጨርስ ራሷ ከወንበሯ መነሳት አቃታት። "አስተኝታ" የተባለውም እንዲያው ልማድ ሆኖ ነው። ሂፕኖሲስ፣ ሰውን በቃል እያፈዘዙ ማከም፣ እንቅልፍ አይደለም እያለች ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ስታስረዳ ኖራለች፤ የሚሰማት ግን አላገኘችም። በስተመጨረሻ እሷም "ዛሬ አራት ሰው አስተኛሁ" ማለት ጀመረች። ሰው ሲደክመው ስህተት ማረምም ይደክመዋል።

ቢሮዋ ከአሜሪካዋ ዱሉዝ በስተሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ፣ በግብር አስተካካዩና በውሻ አጣቢዋ ሱቅ መካከል የተወሸቀች ሁለት ክፍል ናት። ከግድግዳው ወዲያ ቀኑን ሙሉ የፀጉር ማድረቂያ ያጓራል፣ ውሻ ይጮሃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚህ ስትበሳጭ ነበር። በኋላ ግን "ውሻ በጮኸ ቁጥር ይበልጥ ትዝናናለህ" ማለት ጀመረች፤ ይሠራልም። የሙያው ሰዎች ሁሉ ማስወገድ ያልቻሉትን ጫጫታ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ለማንኛውም ከሚያዝያ መጨረሻ ወዲያ ውሻውም ግድግዳውም የሌላ ሰው ነው። እሷ ሥራዋን ትታ አሪዞና እህቷ ዘንድ ሄዳ ፀሐይ ልትሞቅ ነው። የሰው ጭንቀት እስከ አንገቷ ደርሷል፤ በቃት።

አራተኞቹ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ሴትዮዋ ቀድማ ገባች፣ ጫማዋ ላይ ያለውን በረዶ ምንጣፉ ላይ እየረገጠች አራገፈች።

"ካንጋሶች ነን። እኔ ጆይስ ነኝ። ይሄ ባሌ ዴል ነው። አይናገርም እንጂ አፍ አለው።"

ዴል ካንጋስ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ግንድ የሚጭን መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ትከሻው በሩን የሞላ ሰው። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ከእሱ ጋር አብሮ የገባው የሲጋራ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

"የእግሩ ደም ሥር ተደፍኗል" አለች ጆይስ፣ ሳይጠይቋት። "ሐኪሙ አራት ሳምንት ያለ ሲጋራ ከቆየ እከፍትለታለሁ፣ ካልቆየ አልነካውም አለ። ካልነኩትስ ምን ይሆናል አልኩት። ያኔ ከጉልበቱ በታች እንቆርጣለን አለኝ፤ ልክ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው! ትንሿ ጣቱ ጠቁራለች እኮ። አሳያት አንተ ሰውዬ።"

"ካልሲዬን አላወልቅም።"

"ይኸውልዎ! እንዲህ ነው። ሲጋራ የሚያስተወውን ፕላስተር ለጥፎ ያጨሳል፣ የሚያስተወውን ማስቲካ እያኘከ ያጨሳል። ጠዋት አንድ ክብሪት ይጭራል፤ ከዚያ አንዷን በአንዷ እየለኮሰ እስከ ማታ ነው። አንድ ክብሪት ለአንድ ቀን! ቆጣቢ ባል ነው ያለኝ።"

"ሌሊትስ?" አለች ማርቫ።

"ሌሊትማ ሁለት ሦስቴ ይነሳል። ሕፃን ያለበት ቤት ይመስላል።"

ማርቫ ሳቀች። እዚያ ጋ ቆም ማለት ነበረባት። ሰው ሱሱን እንዲህ እንደ ሕፃን ተነስቶ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ነገሩ ሱስ ብቻ አይደለም። ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ከግድግዳው ወዲያ ማድረቂያው ያጓራል፣ ወገቧ ይቆጠቁጣታል፣ አሳቧም ያልታሰሩ ሳጥኖች ላይ ነበር።

ቅጹን አነሳች። ጽሑፉ የጆይስ ነው። በዚያ አገር የወንድን ቅጽ የምትሞላው ሚስቱ ናት፤ ሐኪም ቤትም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ወንዱ መጨረሻ ላይ ይፈርማል እንጂ ብዕር አይነካም። ሰባተኛው ጥያቄ "ስታርፍ አእምሮህ የሚሄድበት ቦታ የት ነው?" ይላል። ጆይስ ደስ ደስ በሚል ጽሕፈት "ሐይቁ በረዶ ሲሠራ በላዩ ላይ በሚተክላት የዓሣ ማጥመጃ ጎጆው ውስጥ። የብርዱን ወራት ሙሉ እዚያ ነው" ብላለች። ስምንተኛው "የምትፈራው ወይም የምትሸሸው ቦታ አለ?" ይላል። "የለም።"

የማርቫ አስተማሪ የነበሩት ሽማግሌ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረዋት ነበር፤ ቅጹን ሌላ ሰው ከሞላው ሁለቱን ጥያቄዎች ከሰውየው ከራሱ አፍ ሳትሰሚ ዓይኑን እንዳታስጨፍኚ ብለዋት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት አላጎደለችም። ያን ቀን ግን ሰዓቷን አየችና ወረቀቱን አጠፈችው።

"እርግጥ ዓሣ የሚባል ነገር አያመጣም" አለች ጆይስ ወደ መጠበቂያው ክፍል እየወጣች። "አርባ ዓመት በበረዶ ላይ ተቀምጦ ለመጥበሻዬ አንድ ዓሣ አላመጣም።"

"ዓሣዎቹ ያውቁኛል" አለ ዴል።

በሩ ሲዘጋ ወንበሩ ላይ እንደ ተከሳሽ ተቀመጠ። "ይስሙኝ እሜቴ፣ እኔ በዚህ ነገር አላምንም።"

"አያስፈልግም። ወንበሩም አያምንም፤ ሰው ግን ያስቀምጣል።"

ፈገግ ያለ መሰለ። "አሁን 'ተው' ይሉኛል፣ እተዋለሁ፤ እንዲያ ነው?"

"እንዲያ አይደለም። ለመተው ስንቴ ምለሃል?"

"በየአዲስ ዓመቱ።"

"የማለው ሳሎን ያለው ሰውዬ ነው። እሱ እንግዳ ይቀበላል፣ ይምላል፣ ይፈርማል። ቤቱን የሚያስተዳድረው ግን ጓዳ ያለው ነው። ጓዳ ያለው መሐላም ምክርም አይሰማም። ድሮ አንድ ሥራ ተሰጥቶታል፤ እሱን ይሠራል። ማንም መጥቶ 'ሥራው አልቋል፣ እረፍ' አላለውም። እኛ ዛሬ ጓዳ ገብተን፣ ምን ሥራ ነው የሰጡህ ብለን እንጠይቀዋለን።"

"ቢቆጣስ?"

"አይቆጣም። እስከዛሬ የጠየቀው ሰው የለም።"

ይህን ንግግር ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለችው እግዜር ይወቀው። አፏ ብቻውን ነው የሚለው።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ከዓይኑ ሽፋን፣ ወደ መንጋጋው፣ ወደ ትከሻው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ በዝግታ ወረደች። ውሻ ጮኸ። "በጮኸ ቁጥር ይበልጥ ትዝናናለህ።" እንዲህ የማያምኑ ሰዎች ናቸው ቶሎ የሚገቡት፤ አለማመናቸውን ይዘው መቆም ስለሚደክማቸው ይመስለኛል። ዴልም ከአሥር ወደ አንድ ስትቆጥር አራት ላይ ስትደርስ ከንፈሩ ተላቀቀ።

"አሁን በጣም ወደምታርፍበት ቦታ ሂድ" አለች። "ሐይቁ ላይ ነህ። ጎጆው ውስጥ።"

ትንፋሹ ቆመ።

ቀኝ እጁ ከጭኑ ላይ በዝግታ ተነሳች። ሁለት ጣቶቹ ተለያዩና በመካከላቸው የማይታይ አንድ ቀጭን ነገር ያዙ። ትከሻው ተሸማቀቀ፤ ያ በር የሚሞላ ሰው በወንበሩ ውስጥ አነሰ። "ራይኖ?" አለ። ድምፁ የጎረምሳ ነበር።

 ወይ ጉዴ፣ አለች ማርቫ በሆዷ። ይህ የማረፊያ ቦታ አይደለም። ሚስቲቱ አልዋሸችም፤ በየዓመቱ እዚያ ሄዶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ሲያርፍ ነው የሚመስለው። እሷ ናት ያልጠየቀችው። አሁን ወዲያው ብትቀሰቅሰው ትችላለች፤ ያኔ ሰውየው የተከፈተ ቁስል ይዞ፣ እያጨሰ፣ ወደ መቆረጫው ይሄዳል። ብትቀጥል ደግሞ ረጅም መንገድ ነው፤ እሷም ደክሟታል። አምላኬ፣ ዛሬ ለምን?

ወንበሯን አስጠጋች። እዚህ ላይ ሲደረስ ሕጉ አንድ ነው፤ ቃል አታጎርሰውም። 'ከዚያስ' ብቻ ነው የሚባለው።

"የት ነህ?"

"ጎጆው ውስጥ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን። ራይኖ አሁን ወጣ። ታላቄ ነው።"

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"አሥራ ስድስት።"

"ከዚያስ?"

"በረዶ መብሻውን ከመኪናው ሊያመጣ ነው። ከባድ ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሲጋራውን ለእኔ ሰጠኝ። 'ያዝልኝ፣ እንዳታጠፋት፣ የመጨረሻዋ ናት፤ አሁን መጣሁ' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ልትጠፋ ነው። እኔ አላጨስም እኮ። ግን እንዳትጠፋ ሳብ አደረግኳት።" አሳለ፤ ሦስት ጊዜ፣ ጭስ እንደማያውቅ ልጅ። "ዘገየ።"

"ከዚያስ?"

"በረዶው ጮኸ።"

 ከግድግዳው ወዲያ ማድረቂያው እንኳ በዚያች ሰዓት ቆሞ ነበር።

"በረዶ ሁሌ ይጮሃል" አለ፣ የከሰሰው ሰው ያለ ይመስል። "ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሌ ይጮሃል። ልወጣ ነበር። ነፋስ አለ፤ ብወጣ ትጠፋለች። 'እንዳታጠፋት' ብሎኛል። አልወጣሁም። እንዳትጠፋብኝ ብዬ አልወጣሁም።"

እንባው ወረደ። እጁ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ሁለቱ ጣቶች ያንኑ ቀጭን ነገር ቀጥ አድርገው ይዘዋል።

አንድ ክብሪት ለአንድ ቀን። ሌሊት ሁለት ሦስቴ። አርባ ስምንት ዓመት ይህ ጓዳ ያለ ልጅ አንዷን በአንዷ እየለኮሰ፣ በየብርዱ ወራት እዚያው ቦታ እየተቀመጠ፣ አደራውን ሲጠብቅ ኖሯል። ፕላስተር ለጠፉለት። ማስቲካ ሰጡት። ለዚህ ልጅ!  ማርቫ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰምታለች፣ መስማትም የሰለቻት መስሏት ነበር፤ ይሄ ግን አንጀቷን በላው።

ቀላሉን መንገድ ታውቀዋለች። "ያውልህ፣ በሩ ተከፈተ፣ ራይኖ መጣ፣ ስጠው" ማለት ነው። ልጁ ያምናታል፤ ጓዳ ያለው የሚያምነው ሲያጣ ነው የኖረው። ግን ራይኖ አልመጣም፤ በረዶው ከእግሩ ሥር ተሰብሮ ሐይቁ ውጦታል። አስከሬኑ በሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ እንደተገኘ ሳይነግሯት ታውቃለች፤ በዚያ አገር እንዲህ ነው። የሞተን ሰው በር ከፍቶ ማስገባት በእሷ ሙያ ትልቁ ነውር ነው፤ የገባውን የሚያስወጣው የለማ።

"ዴል" አለች፣ ለልጅ በሚነገር ድምፅ። "በደንብ ይዘሃታል።"

"አልጠፋችም።"

"አልጠፋችም። ብዙ ያዝክ። እጅህ አልደከመም?"

ፊቱ ተጨማደደ። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

"ደክሞኛል" አለ። "በጣም ደክሞኛል። ግን ማስቀመጥ አልችልም።"

"ማስቀመጥ ካልቻልክ ምን ቢሆን ይሻልሃል?"

 ውሻው ጮኸ፣ ደገመ። ማርቫ አልቸኮለችም፤ መቸኮል የምትችልበት ጉልበትም አልነበራትም።

"አንቺ ትይዢልኛለሽ?" አለ። "እስኪመጣ።"

የሙያው መጽሐፍ ለዚህ መልስ አለው። 'እኔ ሳልሆን የራስህ ጥንካሬ ይይዛታል' በይ ይላል፤ ባለሙያ በራሷ ላይ ምንም አትወስድም። ለጓዳ የተገባ ቃል እንደተባለው ነው የሚወሰደው፤ አይለሳለስም፣ አይረሳም። ማርቫ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሰውየውን አየችው፣ ጣቶቹን አየቻቸው፣ መጽሐፉ ገደል ይግባ አለች።

"እይዝልሃለሁ።"

"እንዳታጠፊያት።"

"አላጠፋትም።"

እጇን ዘረጋች። ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን አምጥቶ በሁለት ጣቶቿ መካከል አስቀመጠላት፤ እንዳታቃጥላት ዞር አድርጎ፣ በጥንቃቄ። የገዛ ጣቶቹ ተከፈቱ። እጁ ጭኑ ላይ ወደቀች፣ ከደረቱም አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፣ አላልቅ ያለ።

ከአንድ እስከ አምስት ቆጥራ መለሰችው። ፊቱን በክንዱ ጠረገ፣ ኮርኒሱን አየ።

"ተኝቼ ነበር እንዴ?"

"ሂፕኖሲስ እንቅል..." አለችና ተወችው። "አዎ፣ ትንሽ።"

በመጠበቂያው ክፍል ጆይስ ከመጽሔቱ ቀና ብላ የባሏን ዓይን አየች። ለቀልድ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። ኮቱን አለበሰችው፣ ቁልፉን ቆለፈችለት። እሱም ዝም ብሎ ተቆለፈለት።

ማርቫ ከሰው ሁሉ በኋላ እጇን የመታጠብ ልማድ አላት፤ የአንዱን ሰው ጣጣ ለሌላው ላለማሻገር። ውሃውን ከፈተች፣ ሳሙናውን አነሳች። ስትጨርስ መስታወቱን ቀና ብላ አየች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተለያይተው ከውሃው በላይ ቀርተዋል፤ ደረቅ ናቸው። "እብድ አሮጊት" አለች ራሷን፣ መብራቱንም በግራ እጇ አጠፋችው።

ዴል ተመልሶ አልመጣም። ጆይስ በሳምንቱ ደውላ "አላጨሰም" ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ብዙ ካወራች ነገሩ እንዳይበላሽ የፈራች ይመስል ነበር። ማርቫ ሳጥኖቿን ማሰር ቀጠለች። ቡና እየጠጣችም፣ መኪና እየነዳችም ጣቶቿን ታገኛቸው ነበር፤ ተለያይተው። ትሰበስባቸዋለች፣ ተመልሰው ይለያያሉ። እንዴት እንደሚሠራ ለሰው ሁሉ ስታስረዳ ኖራ፣ በራሷ ጓዳ ማን እንዳለ አሁን ነው ያየችው።

በሚያዝያ የመጨረሻው ዓርብ፣ ግድግዳው ባዶ ሆኖ፣ ከስልኩና ከአንድ ሳጥን በቀር ምንም ሳይቀር፣ ስልኩ ጮኸ።

"ጆይስ ነኝ። ደም ሥሩን ከፈቱለት! ሦስት ሳምንት ሆነው። እግሩ ሞቀ፣ ማርቫ፣ ሙቅ ነው፤ ሌሊት እየተነሳሁ እነካዋለሁ። አሁን የምነሳው እኔ ነኝ።" ሳቀች፣ አለቀሰችም። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አንድ ነገር ግን አለ። ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ ያለው ቃል 'ሴትዮዋ ይዛታለች?' ነው። መድኃኒቱ ነው ብዬ ተውኩት። አሁንም በየጠዋቱ ይጠይቀኛል። 'ደውዪና ጠይቂያት፣ አሁንም ይዛታለች?' ይለኛል። ምኑን እንደሆነ አይነግረኝም። ምን ልበለው?"

ማርቫ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆማ አሰበች። ጠፍታለች፣ አልቃለች ብትል ነገ ጠዋት ክብሪቱን ይጭራል። ወንድሙ መጥቶ ወሰዳት ብትል ደግሞ ያርፍ ነበር፤ ውሸት ነው እንጂ።

"ይዛታለች በይው።"

"ምኑን?"

"እሱ ሲፈልግ ይነግርሻል። ይዛታለች፣ አላጠፋቻትም በይው። ልክ እንዲህ ብለሽ።"



"አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ዓሣ አላመጣም" አለች ጆይስ፣ ቀስ ብላ። "ዓሣ አልነበረም እኮ የሚጠብቀው፤ አይደል?"

"ከእሱ አፍ ስሚው፣ ጆይስ።"

"እሺ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "እርስዎ ግን አሪዞና ሊሄዱ ነው አሉ። እዚያም ሆነው...?"

"እዚያም ሆኜ።"

"እስከ መቼ?"

ማርቫ ሁለቱን ጣቶቿን አየች። "በይ ሰላም ሁኚ፣ እግሩን ሳሚልኝ" አለችና ዘጋች።

ከግድግዳው ወዲያ ውሻው ጮኸ። የመጨረሻውን ሳጥን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ከባድ ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። በግራ እጇ ብቻ አንዴ ሞከረች፣ ተንሸራተተባት። በሩ ክፍት ነው፣ የሚያዝያ ነፋስ እየገባ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖር ይመስል ዞር ዞር ብላ አየች፤ ያዝልኝ የምትለው ሰው አልነበረም። ሳጥኑን እዚያው ትታ፣ ቀኝ እጇን ከነፋሱ በኮቷ ከልላ ወጣች።